አራት ስንኝ ከጓሮ፦ ቀላል የተፈጥሮ ግጥም ደረጃ በደረጃ

አራት ስንኝ ለመጻፍ ተራራ መውጣት፣ ሐይቅ ዳር ማደር አያስፈልግም። ደጃፋችሁ ላይ ያለው ይበቃል፦ ጎመን፣ ጉንዳን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ከዚህ በታች ያለው መንገድ አንድ ነገር ከማየት ተነስቶ አራት ስንኝ እስከ መጨረስ ያደርሳችኋል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ሳታዩ አትጻፉ። የብዙ ጀማሪ ግጥም የሚበላሸው ቃል ከማነስ ሳይሆን ሳይታይ ከመጻፉ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ

ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ መቅረጫ። እስክሪብቶ ቤት ተዉት፤ ጤዛና ካፊያ ሲነካው ቀለሙ ሊፈስ ይችላል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ግን አይፈስም። ላጲስም አትያዙ። የማትፈልጉትን ቃል በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙት፤ የተሰረዘ ቃል ኋላ ላይ ይፈለጋል። ስልካችሁን ድምፅ አጥፉና ኪሳችሁ ክተቱት፤ መጨረሻ ላይ ለአንድ ሥራ ይጠቅማችኋል።

1. ቦታ ምረጡ

ከቤታችሁ ከ5 ደቂቃ በላይ የማይርቅ ቦታ ይሁን። ጓሮ ያላችሁ ጓሮ ግቡ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በረንዳ ላይ ያለችው የጤና አዳም ወይም የበሶብላ ጣሳ ትበቃችኋለች። በረንዳም ከሌለ ታክሲ የምትጠብቁበትን ዛፍ ያዙ። ዋናው ነገር ነገም ተመልሳችሁ የምታገኙት መሆኑ ነው።

2. ሰዓት ምረጡ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። ጤዛው ገና አልረገፈም። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የቅጠሉ ጅማትና የሸረሪቱ ድር ጎልተው ይታያሉ። ጠዋት የማይመቻችሁ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ውጡ። እኩለ ቀንን ተዉት፤ ጥላው ያጥራል፣ ወፉም ዝም ይላል።

ክረምት ከሆነ ሰዓት አትቁጠሩ። ዝናቡ እንዳባራ ወዲያው ውጡ። ፀሐይ እየወጣ ዝናብ ሲጥል፣ የሰፈር ልጆች «ጅብ ወለደች!» ሲሉ ከሰማችሁ ደግሞ የያዛችሁትን ሥራ አስቀምጡ። ያ ብርሃን ብዙ አይቆይም።

3. አንድ ነገር ብቻ ለዩ

«ጓሮው ያምራል» ከሚል ስሜት ግጥም አይወጣም። ከጓሮው ጎመኑን፣ ከጎመኑ አንዱን ቅጠል፣ ከቅጠሉ አንዷን ጠብታ ለዩ። በመዳፋችሁ ሊሸፈን የሚችል ነገር እስክታገኙ ድረስ አጥብቡት።

ምን እንደምትፈልጉ ካጣችሁ ወቅቱን ተከተሉ። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው፦ ቀንድ አውጣ፣ እንጉዳይ፣ የመሬት ትል፣ በጣራ ጫፍ የሚንጠለጠል ውሃ፣ ደጅ ላይ የረገፈ በረዶ። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው፦ አደይ አበባ፣ የመስቀል ወፍ፣ የሚጎመራ ጤፍ፣ በኅዳር ጠዋት ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ። በጋ እስከ መጋቢት 25 ይዘልቃል፦ አዋራ፣ ከግንዱ እየተላጠ የሚንጠለጠል የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ አርጅቶ ወደ ቀይነት የዞረ የብሳና ቅጠል። ከዚያ እስከ ሰኔ 25 ፀደይ ነው፦ የመጀመሪያው ዝናብ ያነሳው የአፈር ሽታ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ሐምራዊ ሆኖ የሚረግፈው የጃካራንዳ አበባ።

ከአገር ውጭ ያላችሁ፣ ደጃችሁ ያለውን ያዙ። ዋሽንግተን ያለ ሰው ስለ አደይ አበባ ከትዝታው ከሚጽፍ፣ መስኮቱ ሥር ስላለው የቼሪ ዛፍ ቢጽፍ ግጥሙ ይሻላል። ዱባይ ያላችሁ የቴምሩን ዛፍ እዩ። አደይን ሄዳችሁ ስታዩዋት ትጽፉላታላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን፣ ጽጌረዳንና ርግብን አትምረጡ። ብዙ ዘፈን ተዘፍኖላቸዋል፤ ብዕራችሁን ገና ከማንሳታችሁ የሌላ ሰው ስንኝ አፋችሁ ላይ ይመጣል። ሰርዶ፣ ጢንዚዛ፣ እምቧይ ይሻሏችኋል።

4. ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

10 ደቂቃ። ደብተሩን አትክፈቱ። ፎቶ አታንሱ፤ ፎቶው ያየላችሁ ይመስላችሁና ዓይናችሁ ሥራውን ያቆማል።

የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች አሰልቺ ናቸው። ታገሱ። አንድ ነገር መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ጉንዳኗ ትመለሳለች፣ ቅጠሉ ይገለበጣል፣ ጥላው ይሸሻል። የፈለጋችሁት ይኼን ለውጥ ነው። ሳይለወጥ የቆመ ነገር ሥዕል ይሆናል፤ ግጥም ግን «ከዚያስ?» ይላል።

5. ያያችሁትን ዘርዝሩ

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጨነቁ። ቢያንስ 7 ነገር ጻፉ። ከዓይን ሌላ ጆሮን፣ አፍንጫንና ጣትን ጠይቁ። ቅጠሉ ሻካራ ነው? ሲጨመቅ ምን ይሸታል? ምን ድምፅ አለው?

ምላሳችሁን ግን ተዉት፤ የማታውቁትን ቅጠል አትቅመሱ። ሳማን በባዶ እጅ አትንኩ። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ቅርንጫፉን አትስበሩ። የወፍ ጎጆ ካገኛችሁ ከሩቅ እዩ።

የጎመኑ ጠብታ ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

— ትናንት ማታ ከዘነበው የቀረች
— ክብ ናት፤ ቅጠሉን አላረጠበችም
— ከሥሯ ያለው የቅጠል ጅማት ወፍሮ ይታያል
— ጎኗ ላይ ትንሽ ብርሃን
— ቅጠሉን ስነካው ተንከባለለች
— ከሌላ ጠብታ ጋር ገጠመች፤ አንድ ሆኑ
— ቅጠሉ ያለፈችበት ላይ ደረቅ ነው

የጎመን ቅጠል በላዩ ሰም መሳይ ሽፋን ስላለው ውሃ አይሰርግበትም። ጠብታው ተሰብስቦ ክብ የሚሆነው፣ ሲነካም የሚንከባለለው በዚህ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ግጥሙን አያደርቀውም። እንዲያውም የት እንደምታተኩሩ ይጠቁማችኋል፦ እዚህ ላይ ድንቁ ነገር ውሃው ማብራቱ ሳይሆን አለማርጠቡ ነው።

6. ስሙን ጠይቁ

«ዛፍ» አትበሉ። ኮሶ ነው፣ ወይራ ነው፣ ዝግባ ነው፣ ግራር ነው? ካላወቃችሁ ሰው ጠይቁ። ጎረቤት ያሉትን እናት «እማማ፣ ይህቺ ቅጠል ማን ትባላለች?» በሏቸው። ስሙን ብቻ አይነግሯችሁም፤ ለምን እንደምትሆንም ይጨምሩላችኋል። ግራዋ ካሉ የጠላ ጋን የሚታጠብበትን ያነሳሉ። ወይራ ካሉ ዕቃ የሚታጠንበትን። ዳማከሴ ካሉ ምች ይከተላል። የሰጧችሁን ቃል እንዳለ ጻፉት፤ የሳቸው አጠራር ከናንተ የተለየ ከሆነ የሳቸውን ያዙ።

7. ግሱን አጥሩ

ከዝርዝራችሁ ውስጥ «ነው»፣ «ናት»፣ «አለ» የሚሉትን አስምሩባቸው። ከነሱ ሁለቱን በሚሠራ ግስ ለውጡ። «ጠብታ አለች» የነበረው «ጠብታ አድራለች» ይሁን። «ወረደች» የነበረው «ተንከባለለች» ይሁን።

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፦ ጠብ አለ፣ ሽው አለ፣ ብልጭ አለ፣ ድርግም አለ፣ እልም አለ፣ ኩርምት አለ። እነዚህን ጮክ ብላችሁ እየሞከራችሁ ከነገሩ ድምፅ ጋር የሚሄደውን ምረጡ። አንድ ብቻ ተጠቀሙ። ሁለት ከሆኑ ይጋጫሉ።

8. «እንደ»ን አድኑ

ደብተራችሁ ላይ «እንደ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ከኋላው የመጣውን ተመልከቱ። «እንደ አልማዝ»፣ «እንደ ዕንቁ»፣ «እንደ ሙሽራ» ከሆነ ሰርዙ። ጠብታን ሳያይም አልማዝ ማለት የሚችል ሰው ብዙ ነው። እናንተ ግን አይታችኋል፤ ያያችሁትን አስቀምጡ።

9. በአራት ዓረፍተ ነገር አውሩት

ቤትና ምት ረስታችሁ፣ ለጓደኛ እንደምትናገሩ በተራ ወሬ ጻፉት፦

ትናንት ማታ የወረደች ጠብታ ጎመን ላይ አድራለች።
ቅጠሉን አላረጠበችም፤ ክብ ናት።
ቅጠሉን ስነካው ተንከባለለች።
ሌላ ጠብታ አገኘችና አንድ ሆኑ።

መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ ከዚያ፣ በመጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ካልታየ ወደ 5ኛው ደረጃ ተመለሱ። ወሬው ካልቆመ ግጥሙም አይቆምም።

10. ምቱን ምረጡ

ለጀማሪ ወል ቤት ይመቻል። አንድ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም (ሲጠራ የሚቆጠር ድምፅ)፣ ስንኙ በጠቅላላ 12 ቀለም ይይዛል። ጠበብ ያለ ከፈለጋችሁ 5 በ5 የሆነውን ሰንጎ መገን ሞክሩ። ከልጆች ጋር የምትጽፉ ከሆነ 4 በ4 የሆነውን ቡሄ በሉ ያዙ፤ ምቱን ከቡሄ ጭፈራ ስለሚያውቁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

11. ቀለም ቁጠሩ

ፊደል አትቁጠሩ፤ ድምፅ ቁጠሩ። «ትናንት» 4 ፊደል ነው፣ ሲጠራ ግን 2 ቀለም ብቻ ነው፦ ት—ናንት። «ወርዳ» 3 ፊደል፣ 2 ቀለም፦ ወር—ዳ። አናባቢ ሳይከተለው ከፊተኛው ፊደል ጋር ተጣብቆ የሚጠራ ሳድስ ለብቻው አይቆጠርም።

በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችን እንዲህ ይጀምር ነበር፦

ት—ናንት ማ—ታ የ—ወ—ረ—ደች ጠብ—ታ

10 ሆነ። ለአንድ ሐረግ 4 ይተርፋል። «የወረደች»ን ወደ «ወርዳ» አሳጥሩት፤ 2 ቀነሰ። «ጠብታ»ን አውጥታችሁ ርዕስ አድርጉት፤ ሌላ 2 ቀነሰ። ቀሪው፦

ት—ናንት ማ—ታ ወር—ዳ

6 ሞላ። ቃል ሲበዛባችሁ መጀመሪያ ወደ ርዕስ ማሻገር የሚቻለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ስሙ ራሱ ነው የሚሻገረው። ሲያንሳችሁ ደግሞ «እኮ»፣ «እንጂ»፣ «ሁሌ» እያላችሁ አትሙሉ። ወደ ዝርዝሩ ሂዱና ሳትጠቀሙበት የቀረ ዕይታ አምጡ።

12. የቤት መምቻ ቃላት አዘጋጁ

ስንኙን ከመጨረሳችሁ በፊት የመጨረሻውን ቃል ያዙና በዳርቻ ላይ የሚገጥሙትን ደርድሩ። የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ከሆነ ከፊቱ ያለውም ቢገጥም ለጆሮ ይጥማል። ለ«ያደረች» እነዚህ መጡ፦ ቀረች፣ በረረች፣ ሰፈረች፣ ዘመረች። ለ«ሄዳ» ደግሞ፦ ሜዳ፣ ጓዳ፣ ማለዳ፣ እንግዳ፣ ባዳ።

አሁን ከእያንዳንዱ ፊት «እውነት ነው?» በሉ። ጠብታ አልዘመረችም፤ «ዘመረች»ን ሰርዙ። አልበረረችም፤ ሰርዙ። ክብ እንዳለች ቀረች? አዎ። ሜዳ አልሄደችም። ሌላዋ ጠብታ ግን ለሷ ባዳ ናት፤ ይኼ ይያዝ።

እዚህ ደረጃ ላይ ጨከን በሉ። ቤት ለመምታት ተብሎ የገባ ውሸት አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱንም አያምናችሁም። ቤት የሚመታው በጆሮ እንጂ በዓይን አይደለም፤ ስለዚህ «ሰ» ከ«ሠ»፣ «ጸ» ከ«ፀ» ጋር ቢገጥም አትጨነቁ።

13. ስንኞቹን ግጠሙ

ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ሥሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ነገሩ ባለበት ሲቆም ያሳዩ። ቀጣዮቹ ሁለት ለውጡን ይያዙ። የኛዋ እንዲህ ሆነች፦

*ጠብታ*

ትናንት ማታ ወርዳ፣ ጎመን ላይ ያደረች፣
ቅጠል ሳታረጥብ፣ ክብ እንዳለች ቀረች።
ቅጠሉን ብነካው፣ ተንከባላ ሄዳ፣
ሌላዋን አገኘች፣ አንድ ሆነች ከባዳ።

እየመታችሁ ቁጠሯት። እያንዳንዱ ሐረግ 6 ይሆናል።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ «ብነካው» በሚለው ቃል ጸሐፊው እጁን አስገብቷል። ይህ ይፈቀዳል። የናንተ እጅ ለውጡን ካመጣው ይታይ፤ ካላመጣው ግን ከግጥሙ ውጡ። ዳር ቆሞ «እኔ ግን አዘንኩ» የሚል ሰው ጠብታዋን ይጋርዳታል።

14. ጅራቱን ቁረጡ

ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁ ምክር ለመጻፍ ይሄዳል። «የሰው ልጅም እንዲሁ…»፣ «እኛም እንደ ጠብታ…» የሚል አምስተኛና ስድስተኛ ስንኝ ይመጣል። አትጻፉት። ከጻፋችሁት ሰርዙት።

ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ወርቁን ራሱ ያገኛል። «ባዳ» የምትለው ቃል ብቻዋን በቂ ናት፤ አንዱ ሙሽሮችን ያስባል፣ አንዱ ጎረቤት ጋር የታረቀበትን ቀን፣ አንዱ ደግሞ ውሃን ብቻ ያያል። ሦስቱም ልክ ናቸው። እናንተ አንዱን ከመረጣችሁ ሁለቱን ትነጥቋቸዋላችሁ። የናንተ ሥራ ሰሙን ጥሩ አድርጎ መሥራት ነው።

15. ጮክ ብላችሁ አንብቡ

አሁን ስልኩን አውጡ። ድምፃችሁን ቅዱና አዳምጡ። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ላይ ምልክት አድርጉ። ትንፋሽ የወሰዳችሁት ሐረጉ መካከል ላይ ከሆነ አከፋፈሉ ተሳስቷል፤ ቃሎቹን አቀያይሩ። ለሌላ ሰው ከማንበባችሁ በፊት አንድ ሌሊት ይደር።

ጠዋት ስታነቡት አንድ ቃል ብቻ ቀይሩ። ሁለት ሦስት መቀየር ካሰኛችሁ ገና አይታችሁ አልጨረሳችሁም፤ ወደ ጓሮው ተመለሱ።

16. ቀንና ቦታ ጻፉ

ከግጥሙ ሥር ቀን፣ ወርና ቦታ አኑሩ፦ «ሐምሌ 12፣ ጓሮ፣ ከዝናብ በኋላ»። ከዓመት በኋላ ያው ቅጠል ያው ወር ላይ ሌላ ነገር ሲያሳያችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ታነቧቸዋላችሁ።

እምቢ ሲላችሁ

ምንም አልታየኝም ካላችሁ ከቆማችሁበት ዝቅ በሉ። ቁጢጥ ብሎ ማየት ብቻውን ሌላ ጓሮ ይከፍታል።

ዝርዝሩ ሞልቶ ስንኙ ካልመጣ፣ ስንኙን ተዉትና ዝርዝሩን አስቀምጡ። ከወር በኋላ አንድ ቃል ከዚያ ተነስቶ ይመጣል።

ሁሉም ስንኝ በ«ነው» ካለቀ 7ኛውን ደረጃ ዘላችኋል። ተመለሱ።

ቤቱ እየመታ ግጥሙ ከደነዘዘ፣ ሁለተኛውን ስንኝ አውጡና ቦታውን ከዝርዝራችሁ ባልተጠቀማችሁበት ነገር ሙሉት። በጠብታዋ ዝርዝር ውስጥ ለምሳሌ ገና ያልተነካ አለ፦ ከሥሯ ወፍሮ የሚታየው የቅጠል ጅማት፣ ጎኗ ላይ ያለው ብርሃን፣ ካለፈችበት በኋላ ደረቅ ሆኖ የቀረው መንገድ። ከነሱ አንዱን ይዛችሁ ሁለተኛ አራት ስንኝ ጀምሩ።